አንድ ስምንተኛ ለሁለት ሲካፈል

አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ሚስት በላይ ስለማግባት ወሬ በተነሣ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። «እስላሞቹ እስከ አራት ይፈቀድላቸዋል» ይባላል፤ ሳቅ ይከተላል፤ ከወንዶቹ አንዱ «ታድለው» ይላል፤ ከሴቶቹ አንዷ በክርኗ ትጎስመዋለች፤ ወሬው በዚያው ያልቃል። እኔ ይህን ሳቅ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አዳምጬዋለሁ። አንባቢ ሆይ፣ እኔ የሁለት ሴት አያቶች የልጅ ልጅ ነኝ። በእናትና በአባት በኩል ማለቴ አይደለም፤ ያማ የሁሉም ሰው ነው። በአባቴ በኩል ብቻ ሁለት ሴት አያቶች ነበሩኝ፤ አንደኛዋ አባቴን ወለደችው፤ ሁለተኛዋ አሳደገችው። ባላቸው፣ ማለትም ወንድ አያቴ፣ ሙስሊም አልነበሩም። መስጊድ የሚባል ነገርም በዓይናቸው ያዩት ካረጁ በኋላ ነው።

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የወጣ ሰው መንገዱን አይረሳውም። ሙዙና ማንጎው፣ የአባያና የጫሞ ውኃ፣ ወበቁም ጭምር ከኋላ ይቀራል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የጀመረው መኪና እየተጥመዘመዘ 2,700 ሜትር ገደማ ሲደርስ ቀርከሃው፣ እንሰቱ፣ ገብሱና ጉሙ ይቀበሉታል። የዝሆን ፊት የሚመስለውን የዶርዜን ቤት ቱሪስቱ ሁሉ ፎቶ ያነሣዋል። አያቴ ሁለት ቤት የሠሩት በዚያ ደጋ ነው። አንዱ ቤት ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ መሐላቸው የእንሰት ጓሮ። ከላይኛው ቤት የምትኖረው «ትልቋ»፣ ከታችኛው የምትኖረው «ትንሿ» ነበሩ። እኛ የከተማ ልጆች በአማርኛ ስናወራ ለአያታችን «እርስዎ»፣ ለሁለቱ ሴት አያቶቻችን ግን «አንቺ» እንል ነበር፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀን የለም።

ለምን ሁለት እንዳገቡ የጠየቃቸው ሰው ካለ የአያቴ መልስ አጭር ነበር፤ «እጅ ነው» ይሉ ነበር። እንሰት እጅ ይፈልጋል። ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ሲደርስ ደግሞ መፋቁ፣ መቅበሩ፣ ማብላላቱ፣ ማውጣቱ ሁሉ የሴት ሥራ ነው። ወንድ ያርሳል፣ ይሸምናል፤ እንሰት ግን አይፍቅም። መሬቱ እዚህም እዚያም ለተበታተነበት ሰው ሁለተኛ ሚስት ማለት ሁለተኛ ጓሮ፣ ሁለተኛ ማጀት፣ ሁለተኛ የጥጥ ፈታይ ማለት ነበር። በዚያ ላይ በጋሞ ደጋ ሀላቃ ሆኖ መሾም ሕዝብ ማብላትን ይጠይቅ ስለነበር፣ ለማዕረግ ያሰበ ሰው ጎተራውንም ጓዳውንም ቀድሞ ማደርጀት ነበረበት። ለዚህ ነው ሁለት ሚስት ማግባት የድኻ ነገር ያልነበረው። አያቴ ሀላቃ አልሆኑም። አስበው ነበር ይባላል።

እኔ የማስታውሰው መስቀልን ነው። በጋሞ መስቀል ከበዓላት ሁሉ የበለጠ በዓል ነው፤ ሽሮ ሜዳ የሚሸምነውም፣ አርባ ምንጭ የሚነግደውም በዚያ ሰሞን ወደ አገሩ ይወጣል። ሰንጋው ታርዶ ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ ሲመደብ አያቴ ራሳቸው ቁጢጥ ብለው ይከፍሉ ነበር። ከሻኛ ከሻኛ፣ ከጎድን ከጎድን፣ ከጉበት ሳይቀር። ሁለቱ መደብ እኩል መሆኑን አይተው አይረኩም፤ ከልጆቹ አንዱን ጀርባውን አዙረው ያቆሙና «ይህ ለማን?» ብለው ይጠይቁታል። ልጁ ሳያይ «ለትልቋ» ካለ ለትልቋ ይሆናል። እንግዲህ ሥጋ እንዲህ ይከፈላል። ቅቤና ጨው፣ ለበዓል የሚገዛው ነጠላም እንደዚያው ነበር። አያቴ በዚህ ነገር የሚወቀሱ ሰው አልነበሩም።

ሲያማቸው ግን የሚተኙት ታችኛው ቤት ነበር። ሁልጊዜ። ደህና ሲሆኑ ተራ ጠብቀው ሁለቱም ጋ ያድራሉ፤ ሰውነታቸው ሲተኩስ እግራቸው ራሱ ወደ ትንሿ ቤት ይወስዳቸዋል። ትልቋ አያቴ ወተት በዋንጫ ይዛ እስከ አጥሩ ትወርድና ለልጅ አቀብላ ትመለሳለች። ወደ ውስጥ አትዘልቅም። አንድ ቀን ወተቱን ያቀበለችው እኔን ነበር፤ የሰባት ወይ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ «ትኩስ ነው፣ እንዳይፈስስ» ብቻ ነው ያለችኝ። ብዙ ዘመን ቆይቼ ስለ ፍትሕ በጋብቻ የተጻፈ ነገር ባነበብሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ያ ዋንጫ ነው።

ከዚያ ወንጌሉ መጣ። በጋሞ ደጋ ፕሮቴስታንትነት ብዙውን ሕዝብ ያገኘ እምነት ነው፤ አያቴም በስተርጅናቸው አመኑ። ለመጠመቅ ግን ከሁለቱ አንዷን ብቻ ይዘው መቅረት እንዳለባቸው ተነገራቸው። ትልቋ የመጀመሪያዪቱ ስለሆነች ቀረች። ትንሿ፣ አባቴን የወለደችው ማለት ነው፣ «ተለቀቀች»። ቃሉ ይኸው ነበር፤ ተለቀቀች። የትም አልሄደችም፤ የት ትሄዳለች? እዚያው ጓሮዋ ውስጥ፣ እዚያው እንሰቷ ሥር ቀረች። አያቴ በመሐል አጥሩን ከፍ አደረጉት። በመስቀል ሥጋው በልጅ እጅ ይላካል፤ መደቡ ግን ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄደ። የሰውየው ነፍስ ነጻች፤ ዋጋውን የከፈለችው ትንሿ ናት። ይህ ጥያቄ የጋሞ ብቻ አልነበረም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ የሆኑ ጳጳሳት በላምቤዝ በ1888 እ.ኤ.አ. ተሰብስበው ብዙ ሚስት ያለው ሰው አይጠመቅ ብለው ወሰኑ፤ እንዲህ ያለው ሰው ሚስቶቹን እንዲያባርር ሳይገደድ፣ ሌላም እንዳይጨምር ቃል ገብቶ ይጠመቅ ያሉት ልክ በ100 ዓመቱ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። በመሐሉ በአፍሪካ ስንት ትንሿ «እንደተለቀቀች» እግዚአብሔር ይቁጠረው።

ለነገሩ እኛ ደገኞቹ ክርስቲያኖችስ ብንሆን? ቅምጥ የሚለውን ቃል ማን ፈጠረው? የሰሜኑ መኳንንት በየዘመቻውና በየመንገዱ ይዘዋት የሚዞሩት የጭን ገረድ የማን ባህል ነበረች? ዛሬም ቢሆን ሁለተኛ ስልክ ቁጥር ያለው ባል፣ ሁለተኛ ቤት ተከራይቶ «ወርክሾፕ ነበረብኝ» የሚል ሹም ሞልቷል። ልዩነቱ ሁለተኛዪቱ ስም የሌላት መሆኗ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ባል ካላቸው ሴቶች ከመቶ 11 ያህሉ ጣውንት እንዳላቸው ተናግረዋል። ይህ ቁጥር ጣውንት መሆኗን የምታውቀዋን ብቻ ይይዛል፤ ሳታውቅ ጣውንት የሆነችው አትቆጠርም።

አሁን ከደጋው ወደ ሲቀላ ልውረድ። አርባ ምንጭን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከተማዋ ሁለት ናት፤ ላይኛዋ ሴቻ፣ ታችኛዋ ሲቀላ። እኔ ያደግሁት ሲቀላ ነው፤ አንድ ግቢ ተከራይተው ይኖሩ ከነበሩ የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ጋር። ወላጆቿ ከስልጤ አገር ለንግድ የመጡ ነበሩ። ሙስሊሙ በአርባ ምንጭ ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ይተዋወቃል፤ የአንዱ ቤት ወሬ በሌላው ቤት ሳይበርድ ይደርሳል። ጓደኛዬ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ በሕመም ሞተባት፤ ሁለት ልጆች ቀሩ። አራት ወር ከዐሥር ቀን ዒዳዋን ጨረሰች፤ ዓመትም አለፈ። ከዚያ አንድ ነጋዴ ሽማግሌ ላከ። ሚስት አለው፤ ከእሷም አራት ልጆች አሉት። ሱቁ ከእሷ መስፊያ ብዙም አይርቅም።

ማታ ደወለችልኝ። «አንቺ ጋዜጠኝነት ተምረሽ የለ? እስቲ አጣርተሽ ንገሪኝ» አለች።

«ምኑን?»

«እወደዋለሁ አልወደውም የሚለውን ለእኔ ተዪው። አንቺ ሕጉንና ኪታቡን ጠይቂልኝ። ብገባ ምን አለኝ? እሷስ ምን ይቀርባታል?»

የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንም ሴት ትጠይቀዋለች። ሁለተኛው ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ የማውቃቸው አንድ አረጋዊ ሸይኽ አሉ፤ ዘንድሮ ዓይናቸው ደክሟል፤ ትዝታቸው ግን አልደከመም። ጉዳዩን ስነግራቸው በመጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሰውየው አልነበረም። «የቲሞቹ ስንት ናቸው?» አሉኝ። ሁለት መሆናቸውን ነገርኋቸው። «ከዚያ ነው የሚጀመረው» አሉ። በእርግጥም በሱረቱ ኒሳእ ቁጥር 3 ላይ ያለው ቃል የሚጀምረው አባት ስለሌላቸው ልጆች ተናግሮ ነው። በየቲሞች ጉዳይ ፍትሕ እንዳያጓድል ለሚሰጋ ሰው ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ አራት ማግባትን ይፈቅዳል፤ ወዲያው ደግሞ በሚስቶቹ መካከል ፍትሕ ማድረግ አልችልም ብሎ ለሚፈራ አንዲት ብቻ ትበቃዋለች ይላል። የነቢዩ ሙሐመድ ባለቤት ዓኢሻ ይህንን ስትተረጉም፣ በእጁ ያለችን የቲም ልጅ ለሀብቷ ሲል በአነስተኛ መህር ሊያገባ ስለሚፈልግ አሳዳጊ የተነገረ ነው ብላለች። ብዙ ተርጓሚዎች ደግሞ ጊዜውን ከኡሑድ ጦርነት ጋር ያያይዙታል። በ625 እ.ኤ.አ. በተካሄደው በዚያ ውጊያ ከሙስሊሙ ወገን 70 ያህል ወንዶች ሞተዋል፤ ለትንሺቱ መዲና ይህ ብዙ መበለትና ብዙ የቲም ማለት ነበር።

ከዚያ በፊት በዐረቦች ዘንድ ለሚስት ቁጥር ወሰን አልነበረም። ጘይላን የሚባል የሠቂፍ ጎሣ ሰው ሲሰልም ዐሥር ሚስቶች ነበሩት፤ አራት ብቻ እንዲያስቀር ታዘዘ። ስለዚህ «አራት» የሚለው ቁጥር ለእኛ ከአንድ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚቆጠር ሲመስለን፣ ለዚያ ዘመን ሰው ከዐሥር ወደ ታች የሚቆጠር ነበር። የቀሩት ስድስቱ ሴቶች የት ገቡ ብዬ ሸይኹን ጠየቅኋቸው፤ ትንሿ አያቴ ትዝ ብላኝ ነው። ሳቅ አሉና «አንቺ ደግሞ የማይጠየቅ ትጠይቂያለሽ» አሉኝ።

ግን ደስ ያለኝን ነገር የነገሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ነገሩ የእኛው አገር ነው። ነቢዩ ሙሐመድ ኸዲጃን አግብተው እሷ እስክትሞት ድረስ 25 ዓመት ያህል ከእሷ ሌላ አላገቡም። ከዚያ በኋላ ካገቧቸው ሴቶች መካከል ሦስቱ ሐበሻ ምድርን የረገጡ ስደተኞች ነበሩ። ሰውዳ ከባሏ ጋር ወደ ሐበሻ ተሰዳ ነበር፤ ባሏ ሞቶባት ነው ያገቧት። ኡሙ ሐቢባ እዚሁ ሐበሻ ሳለች ባሏ ክርስቲያን ሆኖ እዚሁ ሞተ፤ ብቻዋን በሰው አገር ቀረች። ነቢዩ ወደ ነጋሺ ልከው ጠየቋት፤ ጋብቻውን ያስፈጸመውና 400 ዲናሩን መህር ከራሱ የሰጠው የእኛው ንጉሥ እንደነበር በታሪክ ተጽፏል። ሦስተኛዋ ኡሙ ሰለማ ናት። ባሏ በኡሑድ የቆሰለው ቁስል አገርሽቶበት ሞተ፤ ልጆች ቀሩባት። ስትጠየቅ ወዲያው እሺ አላለችም። ቀናተኛ ነኝ፣ ዕድሜዬም ገፍቷል፣ የማሳድጋቸው ልጆችም አሉብኝ ብላ ሦስት ምክንያት አቀረበች። ቅናቷን አላህ እንዲያነሣላት እንደሚጸልዩ፣ ዕድሜዋ እንደ ዕድሜያቸው እንደሆነ፣ ልጆቿም የእሳቸው ልጆች እንደሚሆኑ መለሱላት። ይህን ለጓደኛዬ በስልክ ሳወራላት ረጅም ዝምታ ሆነ። «እሷም ቀናተኛ ነኝ ብላ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

እንግዲህ ዓላማው ይህ ከሆነ፣ መበለትና የቲም መጠለያ እንዲያገኙ ከሆነ፣ ለምን ዛሬ ሁለተኛ የሚያገባው ብዙው ወንድ መበለት ትቶ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ይፈልጋል? ይህን የሚጠይቁት ክርስቲያኖች ብቻ አይደሉም፤ ሸይኹም ራሳቸው በምሬት ያነሡታል። ፈቃድ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም ይላሉ። ፈቃዱንም የሚያሥረው ፍትሕ ነው። በጣታቸው ቆጠሩልኝ፤ ምግብ፣ ልብስ፣ ለየብቻ ቤት፣ ሌሊት። አንዷ ዘንድ አንድ ሌሊት ያደረ ሌላዋም ዘንድ አንድ ሌሊት ያድራል፤ ታምማም ቢሆን፣ የወር አበባ ላይም ብትሆን ተራዋ ተራዋ ነው። ሌሊቱ የሴትየዋ ሀብት ስለሆነ መስጠትም ትችላለች፤ ሰውዳ ስታረጅ ተራዋን ለዓኢሻ ሰጥታለች። ሁለት ሚስት ኖሮት ወደ አንዷ ያጋደለ ሰው በትንሣኤ ቀን ግማሽ ጎኑ አዘንብሎ ይመጣል የሚል ሐዲስም አለ።

እኔ የአያቴን ሕመምና የወተቱን ዋንጫ አነሣሁባቸው። ልብንስ ማን ይከፍለዋል? ይህን ሲሰሙ ሸይኹ ወደዚያው ሱራ ቁጥር 129 ወሰዱኝ። እዚያ ደግሞ ወንዶች ምንም ያህል ቢጓጉ በሴቶች መካከል ፍጹም ፍትሕ ማድረግ ፈጽሞ እንደማይችሉ፣ ነገር ግን አንዷን ተንጠልጥላ እስክትቀር ድረስ ጨርሰው እንዳያዘነብሉ ተነግሯል። ተንጠልጥላ፤ ባል አላት እንዳይባል ባል የላት፣ የላትም እንዳይባል ሚስት ናት። የድሮዎቹ ሊቃውንት አብዛኞቹ ቁጥር 3 ስለ ገንዘብና ስለ ሌሊት፣ ቁጥር 129 ስለ ልብ የተነገረ ነው ብለው ሁለቱን ያስታርቋቸዋል። በዘመናችን መግቢያ የግብጹ ሊቅ ሙሐመድ ዐብዱህ ፍትሕ የሚቻለው ሰው ጥቂት ስለሆነ ነገሩ መጥበብ አለበት ብሎ አስተማረ። ቱኒዚያ በ1956 እ.ኤ.አ. ጨርሳ ስትከለክል መነሻ ካደረገቻቸው አንዱ እነዚህን ሁለት ቃሎች አብሮ ማንበብ ነው። ሞሮኮ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ደግሞ ዳኛ ሳይፈቅድ አይሆንም አለች። እኔ በበኩሌ የሚያሳምነኝ አንድ ሌላ ታሪክ ነው። ዐሊ በፋጢማ ላይ የአቡ ጀህልን ልጅ ሊያገባ ባሰበ ጊዜ አባቷ ነቢዩ ሙሐመድ በሕዝብ ፊት ተናግረው እሷን የሚጎዳት እኔን ይጎዳኛል ብለው ተቃወሙ። ሊቃውንቱ ለዚህ ልዩ ምክንያት ይሰጡታል፤ የጠላት ልጅ ስለሆነች ነው ይላሉ፤ ይሁን። አባትነታቸው ግን ከቃሉ ውስጥ ይሰማኛል።

ወደ መንግሥት ሕግ ስሄድ ነገሩ ደረቅ ሆነ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 11 በጋብቻ የታሠረ ሰው ያ ጋብቻ ጸንቶ ሳለ ሌላ እንዳይፈጽም ይከለክላል፤ የቀድሞው የደቡብ ክልል በ1996 ዓ.ም. ያወጣው የቤተሰብ ሕግም በብዙው የዚያን መንገድ የተከተለ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 650 ድርጊቱን ወንጀል ያደርገውና በአንቀጽ 651 በሕግ ዕውቅና ባገኘ የሃይማኖት ወይም የልማድ ሥርዓት መሠረት የተፈጸመ ከሆነ አያስቀጣም ይላል። በአንድ በር ያስወጣውን በሌላ በር ያስገባዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ጉዳያቸው በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል፤ የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ተደራጅተዋል። ከባለ ጉዳዮቹ አንዱ አልስማማም ካለ ግን ነገሩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። እዚያ ሲደረስ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ስለ ሁለተኛዪቱ ሚስት የንብረት ድርሻ በግልጽ የሚለው የለም። ልጆቿ አይቸገሩም፤ በአንቀጽ 36 መሠረት ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም ከጋብቻ ውስጥ ከተወለደው እኩል መብት አለው። እናትየዋ ናት በዳኛው ብልሃት ላይ የምትወድቀው።

ቁጭ ብዬ በወረቀት አሰላሁላት። ሰውየው ቢሞትና ጉዳዩ በሸሪዓ ቢታይ፣ ልጆች ስላሉት የሚስት ድርሻ አንድ ስምንተኛ ነው። ይህ አንድ ስምንተኛ ግን ለእያንዳንዷ አይደለም፤ ለሚስቶቹ ሁሉ በአንድነት ነው። ሁለት ሲሆኑ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ፣ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ይደርሳቸዋል። እንበልና የሱቁ ዕቃና ቤቱ ተሸጦ 1,600,000 ብር ቢወጣ፣ ለጓደኛዬ 100,000፤ ለመጀመሪያዪቱም 100,000። ብቻዋን ብትሆን ኖሮ 200,000 ነበራት። በመንግሥቱ ሕግ ቢታይ ደግሞ ሚስት ወራሽ አይደለችም፤ የጋራ ንብረት ግማሽ ግን የራሷ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዪቱ መደበኛው ፍርድ ቤት ብትሄድ 800,000 ልታገኝ ትችላለች፤ ጓደኛዬ ምናልባት ምንም። አንዷ አንዱን ሕግ፣ ሌላዋ ሌላውን ትመርጣለች ማለት ነው። ጣውንትነት መጨረሻው እዚያ ነው፤ የፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ በሁለት አግዳሚ መቀመጥ።

ስሌቱን በስልክ ሳነብላት ጓደኛዬ አቋረጠችኝ። «እሺ፣ ብሩ ይቆየን። ልጆቹን ለማሳደግ ከሆነ ኒካሕ ለምን ያስፈልጋል? ዘካውን ይስጠኝ፤ የቲም ማሳደግ እኮ ያለ ኒካሕም አጅር አለው» አለች። ይህንኑ ለሰውየው ብላው እንደነበር በኋላ ሰማሁ። አሳምሮ የሚዘጋ መልስ መስሎኝ ላደንቃት ስል እሷው ቀጠለች። «ግን ውሸቴን ነው። እኔ ምጽዋት አልፈልግም። ባል ነው የምፈልገው። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ማታ በሬን ዘግቼ የምቀመጠው ከልብስ ስፌት መኪና ጋር ነው። ይሄ ነውር ነው?» አንባቢ ሆይ፣ ስለ ጣውንት በሚደረገው የከተማ ክርክር ውስጥ ይህች ሴት የለችም። ወይ ተታልላ የገባች ምስኪን ናት፣ ወይ ቤት አፍራሽ። አውቃ፣ መዝና፣ ፈልጋ የምትቆመዋን ማን አሰባት?

ሰውየው በእርግጥ ለጋስ ነበር፤ የቤት ኪራይ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ሁሉንም እሺ አለ። እሷ ያቀረበችው ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው፤ «ኒካሑ ከመታሠሩ በፊት ከሚስትህ አፍ ልስማ።» ሸሪዓው የመጀመሪያዪቱን ሚስት ፈቃድ ለኒካሑ ግድ አያደርገውም፤ ሽማግሌዎቹም ይህንኑ ነገሯት። «ግድ አለመሆኑን ዐውቃለሁ» አለቻቸው።

ሴትየዋ መጣች። ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ የምታሰፋ መስላ፣ ጨርቅ በፌስታል ይዛ። ጓደኛዬ በሩን ገርበብ አድርጋ ቡና አፈላች። እስከ ሁለተኛው ሲኒ ስለ ሙቀቱና ስለ በርበሬ ዋጋ አወሩ።

«እትዬ፣ እኔ ቤትሽን ላፈርስ አይደለም» አለች ጓደኛዬ በመጨረሻ።

«አንቺ ልጅ፣ ሌሊቱን ብትወስጂው አልጣላሽም፤ ሲያንኮራፋ ነው የሚያድረው» አለች ሴትየዋ፤ ጓደኛዬ ሳቀች፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «ሱቁ ግን የእኔ ወርቅ ነው።»

ሃያ ዓመት ሆኖታል። ሰውየው ወደ አርባ ምንጭ ሲመጣ የነበረው አንድ ሻንጣ ነው። የመጀመሪያው ጣቃ የተገዛው በእሷ መህር ነው፤ አምባሯ፣ የአንገቷ፣ የጆሮዋ ሳይቀር ተሸጦ። «ብድር ነው ብሎኝ ነበር፤ ወረቀት ግን የለንም» አለች። በእስልምና ሚስት ያላት ገንዘብ የራሷ ብቻ ነው፤ ባል ምንም አያገባውም፤ ከወሰደም ዕዳ ነው፤ ሟች ሲወረስ ደግሞ አስቀድሞ የሚወጣው ዕዳው ነው። ምስክርና ወረቀት የሌለው ዕዳ ግን ከቀረው ሀብት ጋር ተቀላቅሎ ይከፋፈላል። ያኔ አንድ ስምንተኛው ለሁለት ሲካፈል ጓደኛዬ የምትወስደው ዐሥራ ስድስተኛ ውስጥ የሴትየዋ የጆሮ ወርቅ አለበት። ወደ ሸይኹ ደወልሁ። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ጾምም ስለ ጸሎትም እንዳልሆነ፣ ዕዳን በጽሑፍና በምስክር ስለማሥፈር እንደሆነ ነገሩኝ፤ በሱረቱል በቀራ ቁጥር 282 ነው።

ጓደኛዬ ይህን ይዛ ለሰውየው አዲስ ቃል ላከችበት። በመጀመሪያ ወርቁ ስንት ግራም እንደነበር ከሚስቱ ጋር ተነጋግረው፣ ዛሬ በሚያወጣው ዋጋ አስበው፣ በሁለት ምስክር ፊት ይጻፍ። ወረቀቱ በሚስቱ እጅ ይቀመጥ። ከዚያ ስለ ኒካሑ ይነጋገራሉ። ሰውየው ተቆጣ። «ለጋብቻ ብልክ ስለ ሒሳብ ታወሩኛላችሁ» ብሎ ሽማግሌዎቹን መለሰ።

በዐረፋ ሴትየዋ ለጓደኛዬ ልጆች ሥጋ በሳሕን ልካለች። ጓደኛዬ ደግሞ የሴትየዋን ልጆች ዩኒፎርም ሰፍታላቸው ሒሳቡን አንድ ብር ሳትቀንስ ተቀበለች። ሰውየው በመስፊያው በር ሲያልፍ ቆም ብሎ ሰላም ይላታል፤ ስለ ልጆቹ ጤንነት ይጠይቃል። የወርቁን ነገር እስከ ዛሬ አላነሣም።